ጠዋት ጠዋት ደህና ነበሩ

በአንድ ማለዳ አንድን ቃል ከሁለት ሰዎች አፍ ሰማሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልለቅ ብሎኛል። የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ ሆስፒታል በነርስነት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የሌሊቱ ፈረቃ ለቀኑ ሲያስረክብ፣ እንቅልፍ ያጣች ባልደረባዬ ወረቀቷን እያገላበጠች «ሌሊቱ ሄክቲክ ነበር» አለችኝ። ድንገተኛ ክፍሉ ታካሚ በላይ በላዩ ሲልክ፣ የጥሪው ደወል ሲጮህ፣ አንድ አዛውንት ከአልጋ ሊወድቁ ሲሉ ለጥቂት ሲተርፉ ነው ያደሩት። ውኃ የምትጎነጭበት ፋታ እንኳ አላገኘችም። በድምፅዋ ውስጥ ድካም ነበረ፤ ከድካሙ ጋር ትንሽ ኩራትም ነበረበት።

ብዙም ሳይቆይ ሐኪሞቹ ጉብኝት ጀመሩ። ጡረታቸው የተቃረበ አንድ ሐኪም ተለማማጆቻቸውን ኮሪደሩ ላይ አቆሙና በኮምፒውተሩ ላይ የአንዲት ታካሚ የሙቀት ግራፍ ከፈቱ። መስመሩ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። «እንዲህ ያለውን ትኩሳት የቀድሞ ሐኪሞች ምን ይሉት ነበር?» ብለው ጠየቁ። ወጣቶቹ ዝም አሉ። እኔ ጎንደር ስማር ከትኩሳት ዐይነቶች ዝርዝር ጋር ሸምድጄው ስለነበር መለስኩላቸው። መልሱ ያው ቃል ነው፤ ሄክቲክ።

ሁለቱን ቃሎች አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። አንደኛው የመማሪያ መጽሐፍ ቃል ነው፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እየጨመረ ሌሊት በላብ አጥቦ ጠዋት የሚለቅን፣ ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያመነምን ትኩሳት ያመለክታል። ሁለተኛው የሥራ ቦታ ቃል ነው፤ ውክቢያ የበዛበትን፣ ፋታ የታጣበትን ቀን። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አብዛኛዎቹ የመጀመሪያውን አያውቁትም። ከትኩሳት ወደ ጥድፊያ የተሻገረው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። በአጠቃቀሙ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ዛሬ ሰው ሄክቲክ አይባልም። ሄክቲክ የሚባለው ቀኑ ነው፣ ሳምንቱ ነው፣ መንገዱ ነው፣ ኑሮው ነው። ድሮ ግን በሽተኛው ራሱ በዚህ ቃል ይጠራ ነበር። በሽታው ከሰውየው ወጥቶ ወደ ቀን መቁጠሪያው ተዛወረ ማለት ነው፤ ሰውየውም ነጻ ወጣ። «ቀኑ ነው እንጂ እኔ ደህና ነኝ» ይላል።

ይህን ሁሉ ለማሰብ ያበቃኝ ግን ግራፉ የማን እንደሆነ ማወቄ ነው።

ከሁለተኛው በር ወዲያ

ታካሚዋ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከኢትዮጵያ የመጡ እናት ናቸው። (ታሪካቸውን የምጽፈው ከልጃቸውም ከእሳቸውም ፈቃድ አግኝቼ ነው፤ ማንነታቸውን የሚጠቁመውንም ሁሉ ቀይሬያለሁ።) ሳንባ ነቀርሳ ስለተጠረጠረ የተኙት አየሩ ወደ ኮሪደሩ እንዳይወጣ ወደ ውስጥ በሚሳብበት ክፍል ነው። እዚያ ክፍል ሮጦ መግባት አይቻልም። መጀመሪያ አንድ በር ይከፈታል፤ ይዘጋል። በሁለቱ በሮች መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ቆሞ ኤን-95 ጭምብል ማጥለቅ፣ የአፍንጫውን ሽቦ መጫን፣ በረጅሙ ተንፍሶ በጎን የሚያመልጥ አየር መኖር አለመኖሩን መፈተሽ ይገባል። ከዚያ ነው ሁለተኛው በር የሚከፈተው። የቀረው ክፍላችን በጥድፊያ ሲናጥ፣ እዚያች ቦታ ላይ ግን ሁሉም ሰው ይቆማል፤ ሐኪሙም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ ምግብ አቅራቢውም። ግዴታ ነውና።

ገብቼ እጄን ግንባራቸው ላይ ሳደርግ «ደህና ነኝ ልጄ» ይሉኛል። የሚሉት ደግሞ ከልባቸው ነው። ላቡን ሳነሣባቸው «ማሞቂያው ነው፤ የእናንተ አገር ቤት ሲሞቅ አያድርስ ነው» አሉ። ክብደታቸው መቀነሱን ስነግራቸው «ሁዳዴ እኮ ነው፤ በጾም ማን ይወፍራል?» አሉ። ሳሉንም ከአውሮፕላኑ ቅዝቃዜ ጋር አያያዙት። ለእያንዳንዱ ምልክት አሳማኝ ምክንያት ነበራቸው፤ አንዱም ውሸት አልነበረም። ቤቱ ይሞቃል። ጾሙም ጾም ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን፤ እሳቸው ግን አልደበቁም። በሽታው ነው ከእሳቸው የተደበቀው።

የመማሪያ መጽሐፎቻችን በዚህ ትኩሳት የተያዘ ሰው ጉንጩ ይቀላል ይላሉ። 19ኛው መቶ ዓመት ላይ አውሮፓውያን ይህን የጉንጭ ቅላትና የዐይን ማብረቅረቅ እንደ ውበት እስከ መቁጠር ደርሰው ነበር፤ በሞት የተያዘችውን ወጣት «ምንኛ አማረባት» ይሉ ነበር። በእኛ ፊት ላይ ግን ያ ቅላት እንደ መጽሐፉ ፈክቶ አይታይም። እኚህ እናት ጠይም ናቸው። ከሰዓት በኋላ ሲገባ የሚለወጠው ዐይናቸው ነው፤ ያበራል፤ ወሬያቸውም ይሞቃል፤ ስለ ሰፈራቸው፣ ስለ ዕድራቸው፣ ስለ ተከሉት ጌሾ ሲያወሩ ከጠዋቱ ይልቅ የበረቱ ይመስላሉ። በሽታውን የማያውቅ ሰው ቢያያቸው ዛሬ ተሽሏቸዋል ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሙቀት መለኪያው በዚያው ሰዓት 39.2 ያሳያል።

እኔ የማያት እዚህ ላይ ነው

ልጃቸው የመጣችው በሁለት ሥራ መካከል ነው። ጠዋት ሆቴል ትሠራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አረጋውያን መንከባከቢያ። ካፖርቷን አላወለቀችም፤ የመኪናዋ ቁልፍ በጣቷ ላይ ነው፤ የሁለተኛው ሥራዋ የደንብ ልብስ ከሥር ይታያል። ከጭምብሉ በላይ የሚታዩት ዐይኖቿ ብቻ ናቸው፤ እነሱም የእናቷን ፊት፣ እኔን፣ የግድግዳውን ሰዓት እየዞሩ ያያሉ።

«እህቴ፣ እማዬ እኮ ደህና ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሻይ አብረን እንጠጣለን። እንደው ኑሮው ሄክቲክ ሆኖብኝ እንጂ አጥብቄ ነው የምጠብቃት» አለችኝ።

ተንቀሳቃሹን ኮምፒውተር ወደ እሷ አዞርኩና ግራፉን አሳየኋት። ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ ነገርኳት፤ ይህ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ይህ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፣ ይህ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ጠዋት 36.7፤ ማታ 39 እና ከዚያ በላይ። በነጋታውም እንዲሁ። በማግስቱም እንዲሁ። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ቁልፍ የያዘ እጇን አነሣችና ጣቷን ዝቅተኛው ነጥብ ላይ አደረገች።

«እኔ የማያት እዚህ ላይ ነው» አለች።

ጣቷን በመስመሩ ላይ ወደ ላይ አስኬደችው። «እዚህ ሲደርስ ሁለተኛው ሥራ ላይ ነኝ።» መስመሩ ጫፍ ላይ ደርሶ መውረድ ሲጀምር «ስመለስ ተኝታ አገኛታለሁ» አለች። ከዚያ ጣቷ እንደገና የታችኛው ነጥብ ላይ አረፈ። «እዚህ ደግሞ ሻይ እንጠጣለን።»

ከቤት የምትወጣው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። የምትመለሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዛቸው ትሄዳለች፤ ያም ጠዋት ነው። ከቅዳሴ መልስ የሳምንቱ ድካም ይጥላትና ትተኛለች፤ እናት ልጃቸውን ላለመቀስቀስ ድምፃቸውን አጥፍተው ይቀመጣሉ፤ ያ ደግሞ ትኩሳቱ የሚነሣበት ሰዓት ነው። እናትየው ጤነኛ የሚመስሉባቸው ሰዓቶችና ልጅቷ ዐይን ያላት ሰዓቶች አንድ ሆነው ተገጣጠሙ። ሁለት መስመሮች ናቸው፤ አንዱ በኮምፒውተሩ ላይ የተሳለ፣ ሌላው በልጅቷ የሥራ ሰሌዳ ላይ፤ ስሙም አንድ ነው። ያን ጊዜ ነው ማለዳ የሰማሁት ቃል ሁለት መሆኑ የቀረው።

እናትየው ሁለታችንንም እያዩ «ምን እያላችሁ ነው? እንዳትዘገይ፤ ትሂድ፤ ሥራዋ ይበልጣል» አሉ።

አልሄደችም። ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ፍቅር የጎደላት አይደለችም። የምለፋው ለእሷ ነው ብትል እውነቷን ነው፤ የአውሮፕላኑ ቲኬት፣ የቤት ኪራዩ፣ አገር ቤት ላሉት የሚላከው፣ ሁሉም ከእነዚያ ሁለት ሥራዎች ነው የሚወጣው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥፋተኛ መፈለግ የሚቀናቸው ሰዎች አሉ። እኔ አልፈልግም። ፕሪንስተን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ አንድ ጥናት ትዝ ይለኛል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው)፤ ለካህንነት የሚማሩ ወጣቶችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኳቸው፤ ለከፊሎቹ የተሰጣቸው ርዕስ ራሱ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተጎሳቁሎ ሲያቃስት ተቀመጠላቸው። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት ውስጥ ከመቶ 63ቱ ቆመው ረዱት። ዘግይታችኋል፣ ፍጠኑ ከተባሉት ግን ከመቶ 10 ብቻ። ስለ ምን ሊሰብኩ እንደሚሄዱ ብዙም ልዩነት አላመጣም፤ ልዩነቱን ያመጣው ሰዓቱ ነው። ከችኮላዎቹ መካከል አንዳንዶቹ ሰውየውን ጭራሽ እንደ ችግረኛ አላስተዋሉትም። ጥድፊያ ልብን ከማደንደኑ በፊት ዐይንን ነው የሚይዘው።

ራሱ የማያውቀው ሕመምተኛ

ከዚያ ቀን በኋላ የዚህን ትኩሳት ታሪክ መከታተል ጀመርኩ። ሥሩ «መያዝ» የሚል የግሪክኛ ግስ ነው፤ ከእሱ የጸና ሁኔታን ወይም ልማድን የሚያመለክት «ሄክሲስ» የሚል ስም ወጣ። ትኩሳቱም በዚህ ስም የተጠራው መጥቶ የሚሄድ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ የሰውነቱ ልማድ ስለሆነ ነው። እኛም ትኩሳት ያዘኝ እንላለን። ሥራ ያዝኩ ብለን የምሥራች እንናገራለን፤ ዓመታት ሲያልፉ ለሠርግም ለለቅሶም ለቀረንበት ምክንያታችን «ሥራ ይዞኝ ነው» ይሆናል። ያዡና ተያዡ መቼ ቦታ እንደተለዋወጡ የሚያውቅ የለም።

በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሐኪም ጋለን ስለዚህ ትኩሳት የጻፈው ነገር አስደንግጦኛል። በሌላ ትኩሳት የተያዘ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ይቃጠላል፣ ያቃስታል፤ በዚህኛው የተያዘ ግን ትኩሳት እንዳለበት ራሱ አያውቅም ይላል። ከ980 እስከ 1037 የኖረው ሐኪም ኢብን ሲና ምክንያቱን አብራራው፤ ሙቀቱ በአካል ሁሉ ላይ እኩል ስለተሠራጨ ሰውነት የሚያነጻጽርበት ቀዝቃዛ ክፍል የለውም፤ ስለዚህ በየሦስት ቀኑ ከሚነሣው ወባ የበረታ ሙቀት እያለበት ከወባው ያነሰ ይሰማዋል። ዛሬ ሕክምናው ትኩሳትን እንዲህ አይተረጉምም። አስተውሎታቸው ግን አልተሻረም፤ አንዲት እናት ሰውነታቸው 39.2 እየነደደ «ማሞቂያው ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስለ መንግሥት አስተዳደር በመጻፍ የታወቀው ጣሊያናዊው ማኪያቬሊ ደግሞ በ1513 ይህንኑ ትኩሳት ለሌላ ጉዳይ ምሳሌ አደረገው። ሐኪሞች እንደሚሉት፣ ይህ በሽታ በጅማሬው ለማዳን ቀላል፣ ለማወቅ ግን ከባድ ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ ለማወቅ ቀላል፣ ለማዳን ከባድ ይሆናል። እሱ ያሰበው የመንግሥታትን ችግር ነው። እኔ ሳነብ የመጡብኝ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ የማውቃቸው፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ሳሉ አንድ ቀን ስትሮክ የጣላቸው ሰዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞትን አደጋ በ17 በመቶ ይጨምራል። በ2016 ብቻ በዚህ ምክንያት 745 ሺሕ ሰው እንደሞተ ገምተዋል። ሁለት ሙሉ ሥራ የያዘ ሰው 55ን የሚያልፈው ገና ሐሙስ ሳይመሽ ነው።

ግን ማን ታመምኩ ይላል? እንዲያውም እዚህ አገር ሥራ የበዛበት ሰው ይከበራል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከአዘጋጆቹ አንዷም የዚሁ የዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፣ አሜሪካውያን ፋታ ያጣን ሰው ትርፍ ጊዜ ካለው ሰው ይልቅ ከፍ ያለ ማዕረግ እንዳለው አድርገው እንደሚገምቱት አሳይቷል። ጣሊያናውያን ዘንድ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። ባልደረባዬ ድምፅ ውስጥ የሰማሁት ትንሽ ኩራት ከዚህ ይመስለኛል። የድሮዎቹ የጉንጭን ቅላት ውበት ብለውት ነበር፤ እኛም የጥድፊያን ግለት ጉብዝና እንለዋለን።

ሽርጉድ ሌላ ነው

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ አገር ቤትስ ሥራ አይበዛም እንዴ?» ይሉኛል። ይበዛል እንጂ። እናቴ ሠርግ ሲደርስ እንዴት እንደምትሆን አውቃለሁ። ጠላው ይጠመቃል፣ ሽንኩርቱ በጆንያ ይከተፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ላይ ታች ይላል፤ እንቅልፍ የለም። ይህ ሽርጉድ ነው፤ ከውክቢያ ሁሉ የሚለየውም ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ብቻህን አትሸረጉድም፤ ሽንኩርት ከታፊዋም እንጀራ ጋጋሪዋም ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ «አንቺ ቁጭ በይ» ትላታለች። ሁለተኛ፣ ያልቃል። እንግዳው ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመርቃል፣ ድንኳኑ ይነቀላል፤ ከዚያ በኋላ ሴቶቹ እግራቸውን ዘርግተው ቡና ይጠጣሉ፤ ከድግሱ ይልቅ የድግሱ ወሬ ይጥማል። እንዲህ ያለው እንደ ወባ ነው፤ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል፣ ይለቅቃል። ሰውየው ታምሞ እንደነበረም ያውቃል።

የዚህ አገሩ ጥድፊያ ግን ማብቂያ ቀን የለውም። ዕዳው ሲቃለል ሌላ ዕዳ ይተካል፤ ልጁ ትምህርት ሲጨርስ ቤቱ ይመጣል። ብዙዎቻችን ለአንድ ዓመት ብለን የጀመርነው ሁለተኛ ሥራ ነው አሁን ኑሯችን የሆነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት በጥድፊያ የተያዘ ነገር እንደማይጸና ይናገራል፤ እኔ የማየው የባሰውን ነው፤ መቀነቱ ተፈትቶ ወድቆ ሩጫው መቀጠሉን። ትዳሩ ላልቷል፣ ልጆቹ አማርኛውን ረስተዋል፣ ሰውየው ግን አሁንም ለትዳሩና ለልጆቹ እየሮጠ ነው።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሰው «ዕረፍ እንጂ፣ ለራስህ ጊዜ ስጥ» የሚል ምክር ሲሰጥ ስሰማ እበሳጫለሁ። ማን ኪራዩን ሊከፍልለት? ሳንባ ነቀርሳም መድኃኒት ሳይገኝለት በፊት ሐኪሞች ዕረፍት፣ ንጹሕ አየርና ጥሩ ምግብ ያዙ ነበር። አቅም ያለው ወደ ተራራ ሄዶ በረንዳ ላይ ይጋደማል፤ የሌለው ፋብሪካው ውስጥ እያሳለ ይቀጥላል። ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ መፈጸሚያው ግን በሽተኛው እጅ አልነበረም።

ስንት ቀን ሳልሽ?

የዚህን በሽታ ታሪክ የለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱ አንዱ ነው፤ ጀርመናዊው ሐኪም ኮኽ ተህዋሲውን በርሊን ላይ ይፋ ያደረገው በመጋቢት 1882 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን የተገኘው በ1943 ነው። ሌላው ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ሰዎች በሽተኛውን «እንዴት ነህ?» ማለት ብቻ ትተው መለካት መጀመራቸው ነው። ቩንደርሊክ የተባለው የላይፕሲግ ሐኪም በ1868 ከ25 ሺሕ ገደማ ሕሙማን የተሰበሰበ የሙቀት ልኬት አሳተመ። በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ሐኪም ኦልበት ረጅሙንና ሃያ ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን መለኪያ አሳጥሮ በአምስት ደቂቃ የሚያነብ አደረገው። ጋለን ራሱ አያውቅም ያለው ትኩሳት በተወሰነ ሰዓት በወረቀት ላይ ነጥብ ሆኖ መታየት ጀመረ።

አገር ቤትም ይህን ጥበብ እናውቀዋለን። ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ «ታመሻል ወይ?» ብቻ ብለው አያልፉም። እሱን ከጠየቁ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። የሚጠይቁት «ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው አለ?» ብለው ነው። ይህ ጥያቄ የሚቆጠር መልስ አለው። እንግዳ የሆነ ጨዋነትም አለው፤ ሰውየውን አይወቅስም፣ በሽተኛ ብሎም አይሰይመውም።

ለጥድፊያም የሚያስፈልገን እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመስለኛል። «ደክሞሻል?» ብትላት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ ከልቧ ነው። ይልቅ እናትሽን ከሰዓት በኋላ ያየሻት መቼ ነው? ልጅሽ በብርሃን ያየሽ መቼ ነው? እኔ በዚህ ከተማ ለቅሶ ቤት ስገባ ሳላስበው መለካት ጀምሬያለሁ። ድሮ ለቅሶ የደረሰ ሰው ይቀመጣል፤ የሟችን ታሪክ ይሰማል፤ ሐዘንተኛው እንደገና ሲያለቅስ አብሮ ያለቅሳል። አሁን ካፖርታችንን ሳናወልቅ እንገባለን፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን ሽሮውን በቁማችን ቀምሰን፣ ስልካችንን አይተን እንወጣለን። ማንም ክፉ አይደለም። ሁሉም ፈረቃ አለው። ሐዘንተኛዋም ያለ ቅሬታ ትሸኘናለች፤ እሷም ቶሎ ሥራ ትገባለች።

የእኚያ እናት ሕመም ሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ምርመራው አረጋገጠ። ልጃቸውና አብረዋት የሚኖሩት ተመረመሩ፤ ደህና ናቸው። መድኃኒቱ የስድስት ወር ነው፤ እዚህም የአካባቢው ጤና ቢሮ ሠራተኛ ቤት ድረስ እየመጣች ሲውጡት በዐይኗ ታያለች። የምትመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እናትየው እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ልጅቷ በዚያ ሰዓት ቤት መገኘት ነበረባት፤ ሁለተኛውን ሥራ ለጊዜው አቆመችው።

በቀደም ስልክ ደውላልኝ ነበር። ትኩሳቱ ከለቀቃቸው ቆይቷል፤ ሰውነታቸውም ተመልሷል። አሁን ጭቅጭቁ ሌላ ነው፤ እሳቸው መስቀልን አገር ቤት ካልዋልኩ ይላሉ፣ እሷ ደግሞ የመጨረሻው እንክብል ሳይዋጥ ቲኬት አልቆርጥም ትላለች። ሥራውን ትመለሺበት ይሆን ብዬ ጠየቅኋት። ሊሆን ይችላል አለች፤ ኪራዩ አልቀነሰም። ለጊዜው ወንድሟ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ መጥቶ አብሯት ገብቷል፤ ግማሹን እሱ ይከፍላል። ማታ ማታ ሦስቱ አብረው ይበላሉ።